ጠመኔውን ከማስቀመጥዎ በፊት አንድ መስከረም ይለፍ

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጥቅል ደመወዜ 13,000 ብር ሲሆን እጄ ላይ የሚደርሰው 9,540 ነው። ልጄ እዚያው ስለሚማር ከወርሃዊ ክፍያው 600 ብር ይቀነስልኛል። ከሥራ ሰዓት ውጭ አራት ልጆችን ቤታቸው እየሄድኩ አስጠናለሁ፤ አንዱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሌላው ሰኞ ገበያ ሰፈር ስለሆነ ጊዜዬ ባጃጅ ላይ ያልቃል። አሁን ሰኔ ላይ ለቅቄ ከመስከረም ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ ላስጠና አስቤያለሁ፤ አምስት አምስት ልጅ በቡድን፣ ለአንድ ልጅ በወር 900 ብር። ላፕቶፕና ስማርት ስልክ አለኝ። 45,000 ብር ቆጥቤያለሁ፤ የቤታችን ወጪ በወር 14,000 ያህል ነው። ባለቤቴ ግን ፈርታለች። ልልቀቅ ወይ? ምን ልግዛ? ኔትወርክ ሲጠፋስ?»
መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ መምህር፣ አብሽሩ፤ ያሰቡት የሚሆን ሥራ ነው። መልሳችንን አስቀድመን እንንገርዎት። ማስጠናቱን በዚህ ሳምንት ይጀምሩ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ግን ለከርሞ ሰኔ ያቆዩት።

ፈላጊ ይጠፋል ብለን አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ይህን የሰማ ወላጅ አስጠኚ መፈለጉ አይቀርም። እኛን ያሳሰበን የሚጀምሩበት ወር ነው። ጳጉሜንና መስከረም ላይ ወላጅ ለምዝገባ፣ ለዩኒፎርምና ለደብተር ያወጣል፤ አዲስ ዓመትና መስቀልም አሉ። ልጁ ገና ማርክ አላመጣምና «ቆይ እስኪ ትምህርቱ ይጀመር» ይባላል። የአስጠኚ ስልክ ደህና መጮህ የሚጀምረው የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ታርመው ወጥተው፣ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው። የቤት አስቤዛ ግን መስከረምን አይዘልልም። ደመወዝ በቆመበት ወር ገበያውም ከቆመ ሰው የማይወደውን ዋጋ ይቀበላል፣ የማይችለውን ክፍል አስተምራለሁ ይላል፣ ኅዳር ላይ ሥራው ሲመጣ ደግሞ ተዳክሞ ይጠብቀዋል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የሚያጡት 9,540 ብር ብቻ አይደለም። አሠሪዎ ለጡረታዎ የሚያስገባው የጥቅል ደመወዝዎ 11 በመቶ ነው፤ እሱ 1,430 ብር ነው። የልጅዎ ቅናሽ 600 ነው። ድምሩ 11,570 ይሆናል። ለኢንተርኔት፣ ለመብራት መጠባበቂያና ለፎቶ ኮፒ በወር 1,800 ይያዙ፤ 13,370 ደረሰ። ይህን በ12 ወር ያባዙትና ደህና ገቢ በሚኖርባቸው 10 ወራት ያካፍሉት፤ 16,044 ይመጣል። ለግብርና ለማይከፍሉ ሰዎች አንድ አሥረኛውን ቢያስቀምጡ በወር ወደ 17,800 ብር መሰብሰብ አለብዎት ማለት ነው። በ900 ሂሳብ 20 ልጅ፣ አራት ቡድን። ይደረስበታል፤ ግን በአንድ ጀምበር አይደረስበትም።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር፤ ብዙ መምህር የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንድ ቡድን በሳምንት ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ቢማር «አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው» ይላሉ። ዝግጅቱ ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ ለሁለቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የአምስት ልጅ ደብተር ሁለቴ ማረም በስድስት ስድስት ደቂቃ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ለወላጅ መልእክት ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። አራት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆነ። የቀረ ልጅ ማካካሻና የክፍያ ክትትል ሲታከልበት አምስት ሰዓት ብለው ይያዙት። ስለዚህ ከሙሉ ሥራ ጋር ከሁለት ቡድን በላይ አይውሰዱ። ሦስተኛውን ከጨመሩ መጀመሪያ የሚቀረው እርማቱ ነው፤ እርማቱ ከቀረ ደግሞ የሚሸጡት ነገር የለዎትም።

እርማቱን ለምን እንዲህ እንደምናጠብቀው በአንድ ደብተር እናሳይዎት። የ9ኛ ክፍል ልጅ ኤክስ ሲደመር 3 በቅንፍ ስኩዌር ይሰጠዋል። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 9 ብሎ ይጽፋል። በስልክ «ገባህ?» ቢሉት «አዎ ቲቸር» ነው መልሱ፤ ድምፁም አይንቀጠቀጥም። ክፍል ውስጥ ቢሆን በዴስኮች መካከል ሲያልፉ አንገትዎን ዘንበል አድርገው ያዩት ነበር። በስክሪን ያ ዓይን የለም፤ የሚተካው የደብተሩ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ መካከለኛው 6 ኤክስ መዘለሉን ያያሉ፤ ልጁ ስኩዌርን በመደመር ላይ እንደሚያከፋፍለው ይገባዎታል። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ጎኑ ኤክስ ሲደመር 3 የሆነ ካሬ ስለው፣ አራት ቦታ ከፍለው ይጀምሩታል። ወላጅ ለዚህ ነው የሚከፍለው። ትምህርቱማ በቪዲዮ በነጻ ሞልቷል።

የፎቶውን ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን ያስይዙ። ስምና ቀን ከላይ ይጻፍ፤ ለአንድ ገጽ አንድ ፎቶ፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ስልኩ ከደብተሩ ቀጥ ብሎ ከላይ። ፎቶው ከትምህርቱ በፊት ባለው ቀን እስከ 12 ሰዓት ማታ ይግባ። እርስዎ በስልኩ የመሳያ መሣሪያ ስህተቱ የጀመረበትን መስመር ብቻ በቀይ ያክብቡ፤ መልሱን አይጻፉለት፤ እንደገና ሠርቶ ይላክ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይመድቡና ስህተቱን በአራት ይለዩ፦ ሐሳቡ ያልገባው፣ የምልክት፣ ሲገለብጥ የተሳሳተ፣ ጥያቄውን በደንብ ያላነበበ። በአራት ሳምንት ውስጥ የልጁ በሽታ ይለያል። ከግማሽ በላይ የሆነው የምልክት ስህተት ከሆነ አዲስ ምዕራፍ አይክፈቱ፤ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ 10 ደቂቃ የመቀነስና የቅንፍ ልምምድ ያሠሩት።

40 ደቂቃ ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። የዙም ነጻ አገልግሎት በ40 ደቂቃ ይቋረጣል፤ ጉግል ሚት ከሁለት ሰው በላይ ሲሆን 60 ደቂቃ ይሰጣል። 40ው ይበቃል። 10 ደቂቃ የደብተር ስህተት፣ 20 ደቂቃ አዲስ ነገር፣ 10 ደቂቃ ልጆቹ እየሠሩ ዝም የሚሉበት። ያችን ዝምታ አይፍሯት፤ አዲስ የሚጀምር አስጠኚ ዝምታውን በንግግር ይሞላና ልጁ እጁን ሳያንቀሳቅስ ሰዓቱ ያልቃል። ቴሌግራም ደግሞ ለቀረው ሁሉ ይሁንልዎት፤ ወርክሺት መላኪያ፣ ፎቶ መቀበያ፣ አጭር ፈተና ማውጫ። የ12ኛው ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠቱን አይርሱ፤ ለ12ኛ ክፍል ልጆችዎ በሳምንት አንዴ ጥያቄውን ስክሪን ላይ እያነበቡ ወረቀት ላይ የሚያሰሉበት ልምምድ ይስጡ።

ስለ ዕቃ እንምጣ። አንድ ነገር ብቻ ይግዙ ቢሉን፣ በላፕቶፕ ላይ የሚሰካ፣ የሚጽፉበት ሁሉ ስክሪኑ ላይ የሚታይ የብዕር ሰሌዳ እንልዎታለን። ርካሹ መንገድ ስልክን በማቆሚያ ወረቀት ላይ አንጠልጥሎ እየጻፉ ማሳየት ነው፤ ይሠራል። ነገር ግን ያ ቪዲዮ ነው፤ ወጪውን የሚሸከሙት ልጆቹ ናቸው። ቪዲዮ በሰዓት ወደ ልጁ ስልክ 270 ሜጋባይት ያህል ያወርዳል፤ ድምፅና ስክሪን ሼር ብቻ ሲሆን 70 አካባቢ ነው። በወር ስምንት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሲቆጠር የመጀመሪያው ወደ 1.4 ጊጋ፣ ሁለተኛው ከ0.4 ጊጋ ብዙም አይበልጥም። ካርድ እየሞላች ልጇን የምታስተምር እናት ይህን ልዩነት ታውቀዋለች፤ ትምህርቱን ስታቋርጥም ምክንያቱን አትነግርዎትም። ፊትዎን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ያሳዩ፣ ሰላም ይባባሉ፣ ከዚያ ካሜራውን ይዝጉ።

ሁለተኛው ግዢ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ደሴ ላይ ክረምት ማለት ቆርቆሮ ማለት ነው። ዝናቡ ሲወርድ የላፕቶፑ ማይክ የሚሰማው ጣሪያውን ነው። ማይኩ ከአፍዎ ሁለት ጣት ርቀት ላይ ሲሆን ድምፅዎ ያሸንፋል። ኮርኒስ ያለውን ክፍል ይምረጡ፤ የሐምሌና የነሐሴ ትምህርት ደግሞ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይሁን፤ ዶፉ በብዛት ከሰዓት ነው የሚመጣው።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ የሚሞተው ራውተሩ ነው። አብዛኛው የቤት ራውተር በ12 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ለራውተር የሚሆን ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ይሸጣል። 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚል ከሆነ በውስጡ ያለው ጉልበት 37 ዋት-ሰዓት ነው፤ በብክነት ወደ 30 ይወርዳል፤ 8 ዋት ለሚወስድ ራውተር ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆያል። ለአንድ ምሽት በቂ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩን ቻርጀር ይዘው ይሂዱ፤ ቮልቱና ጫፉ ካልገጠመ አይሆንም። ስልክዎ ላይ ደግሞ የሌላኛውን ኩባንያ ሲም ያስገቡ።

ሰዓት አመራረጥ ላይ የአገራችሁን ኑሮ ይመልከቱ። ብዙ ልጅ የሚማረው በእናቱ ወይም በአባቱ ስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ሱቅ ሲዘጋ ነው ቤት የሚገባው። 11 ሰዓት ላይ ቀጠሮ ይዘው አምስቱም ባይገቡ ልጆቹን አይውቀሱ፤ ከ1 ሰዓት ተኩል ማታ በኋላ ይሞክሩ። በረመዳን የምሽቱ ቡድን ከኢፍጣርና ከተራዊሕ ጋር ስለሚጋጭ ወሩን ሙሉ ወደ 9 ወይም 10 ሰዓት ከሰዓት ማዛወር እንደሚኖርብዎት ከወዲሁ ለወላጆች ይንገሩ፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ የዘንድሮው ቀጠሮ ለከርሞ አይሠራም። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለና ያንንም ይተዉት። በፈረቃ የሚማሩ ልጆች ካገኙ ሥራውን ለቀው ሙሉ ጊዜዎን ሲሰጡ ትልቅ ጥቅም ይሆኑልዎታል፤ ቀኑን የሚሞሉልዎ እነሱ ናቸው።

ከፋዩም ሁልጊዜ ከልጁ ጋር አይኖርም። አባት ጅዳ፣ እናት ሪያድ፣ ልጅ ከአያቱ ጋር እዚሁ ደሴ ሆጤ ሰፈር የሆነበት ቤት በወሎ ብዙ ነው። እነዚህ ወላጆች የሚፈልጉት ልጃቸውን የሚያይላቸው ሰው ነው። ሐሙስ ማታ፣ ነገ ዓርብ የእረፍት ቀናቸው ስለሆነ፣ በኢሞ ወይም በዋትሳፕ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክትና የአንድ ገጽ ደብተር ፎቶ ይላኩላቸው፤ ስንት ቀን ገባ፣ ምን ያህል ሠራ፣ የቱ ጋ ይሳሳታል። የሳውዲ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ለአያትየው ደግሞ በተራ ስልክ ይደውሉላቸው፤ ልጁን «ተነስ፣ አስተማሪህ ደርሷል» የሚሉት እሳቸው ናቸውና ያክብሯቸው።

ኔትወርክ ሲጠፋ ላሉት፦ ይጠፋል ብለው ነው መዘጋጀት ያለብዎት። በ2015 ክረምት በክልሉ የተቋረጠው የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት አለመመለሱን እርስዎም ያውቁታል። ለእያንዳንዱ ክፍል የሁለት ሳምንት የወረቀት ጥቅል አሳትመው ያስቀምጡ፤ ስምንት ገጽ፣ በየገጹ አንድ የተሠራ ምሳሌና ስድስት ጥያቄ። ዳታ ከጠፋ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጥቅሉ በአንድ በሚያውቁት ፎቶ ኮፒ ቤት ለልጆቹ ይሰጥ፤ እርስዎ በመደበኛ የስልክ ጥሪ ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለቴ 15 ደቂቃ ይደውሉ፤ ቅዳሜ ደብተሩን በአካል ይሰብስቡ። አምስት ልጅ በአንድ ቡድን ሲሆን ይህ ሁሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ጥሪ ነው፤ ከአምስት በላይ አይውሰዱ የምንለው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይህን አሠራር በምዝገባው ቀን ጽፈው ይስጡ። ያልተጻፈ ከሆነ ወላጁ «ኢንተርኔት ስለሌለ ትምህርት የለም» ብሎ ክፍያውን ያቆማል፤ አይፈረድበትም።

ክፍያ በቅድሚያ ይሁን፤ ወር በገባ እስከ 5፣ በቴሌብር ወይም በባንክ፣ ከቤት ሂሳብዎ በተለየ ቁጥር። የከፈለ ሁሉ ደረሰኝ ባይጠይቅም አጭር ማረጋገጫ ይላኩለት። የዘመድ ልጅ በነጻ ይመጣል፤ እንቢ ማለት ይከብዳል። በአራት ቡድን አንድ የነጻ ቦታ ብቻ ይያዙና እሱ ሲሞላ «ሞልቷል» ይበሉ። «ልጄን ያሳልፉልኛል?» ለሚል ወላጅ ማለፍን ቃል አይግቡ፤ በሳምንት ሁለት እርማት ቃል ይግቡለት። ከሴትም ከወንድም ተማሪ ጋር በግል ማታ ጽሑፍ አይለዋወጡ፤ የቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ ወላጅ ይኑር፤ ይህ ለልጁም ለስምዎም ጥበቃ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ጋር በጥሩ ሁኔታ ይኑሩ። ራስዎ የሚያስተምሩትን ክፍል ልጅ በክፍያ አያስጠኑ፤ ማርክ የሚሰጡት እርስዎ ስለሆኑ ነገር ይመጣል። የትምህርት ቤቱን ወርክሺትና ፈተና አይጠቀሙ፤ የራስዎን ያዘጋጁ። ለርዕሰ መምህሩም ከሰው አፍ ከሚሰሙ እርስዎ ይንገሯቸው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ቋሚ ክፍያ መሰብሰብ ሲጀምሩ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ የሥራ መስኩን ኮድ ይጠይቁ፤ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቅ አይጠየቅ የሚለየው በኮዱ ነው። ዓመታዊ ሽያጭዎ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች ስለሚሆን የግብር ደረጃዎ «ለ» ነው። የገቢ ደብተር ከመጀመሪያው ልጅ ጀምሮ ይያዙ።

እንግዲህ አካሄዱ ይህን ይመስላል። በዚህ ክረምት አንድ ቡድን ይክፈቱ፤ አሁን ከሚያስጠኗቸው አራት ልጆች መካከል የአንድ ክፍል የሆኑ ካሉ በእነሱ ይጀምሩ፣ የተለያየ ክፍል ልጆችን ግን አይቀላቅሉ። የቤት ለቤቱን ከ900 በላይ የሚያስከፍሉ ከሆነ ሁለቱን ቤት ለቤት ያቆዩ፤ የመስከረምን ጉድለት የሚሸፍኑልዎ እነሱ ናቸው። ጥቅምት ላይ ሁለተኛውን ቡድን ይጨምሩ። ሁለቱ ሞልተው አምስት ልጅ ተራ ከጠበቀ የካቲት ላይ ትምህርት ቤቱን ግማሽ ፔሬድ ይጠይቁ፤ የሒሳብ መምህር እጥረት ስላለ የግል ትምህርት ቤት ፓርት ታይም ብዙም አይከለክልም። ያኔ ሦስተኛውንና አራተኛውን ይክፈቱ። መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት በተከታታይ 20 ልጅ ከከፈለ ደብዳቤዎን ይጻፉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብዎት፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ሳይቀበሉ፣ የዘጠኝ ዓመቱ የጡረታ መዋጮም በስምዎ በትክክል መግባቱን ሳያረጋግጡ አይውጡ።

የባለቤትዎ ፍርሃት ተገቢ ነው። 45,000ው ለቤታችሁ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ነው፤ የብዕር ሰሌዳውና ባትሪው ሲገዙ ከዚያም ያንሳል። እስከ ከርሞ ሰኔ የአራት ወር ወጪ፣ 56,000 ብር፣ ከዕቃው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሂሳቡም በእሳቸው ስም ይሁን። የገቢ ደብተሩንም እሳቸው ይያዙት። በየወሩ በ6ኛው ቀን፣ ስንት ልጅ እንደከፈለ፣ ስንቱ እንደቀረ፣ ስንት ደብተር እንደታረመ አንድ መስመር ይጻፉበት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ያንን ገጽ አብራችሁ ታዩትና ትወስናላችሁ።